የፊተኛው ቁልፍ

ቁልፍ ሠሪው የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ሲገባ አሮጌዋ ፒክአፕ ግቢው መሐል ቆማለች። ባለመኪናው አጠገቧ ነው። ሠላሳ አልሞላውም። ረጅም ነው። ጢሙ አድጓል፤ ዓይኑን ከሰው ዓይን ያሸሻል።

«ቁልፉ ይገባል፤ አይዞርም» አለ። «ነገ በጠዋት ሥራ ካልገባሁ ጭነቱን ለሌላ ይሰጡታል፤ ሁለተኛም አይጠሩኝም።»

«አይዞህ፤ ከብረት ጋር ስንከራከር ነው ያረጀነው።»

ቁልፍ ሠሪው ገብቶ ተቀመጠ። ወንበሩ ላይ ወፍራም ትራስ ተደርቦ ስለነበር ጭንቅላቱ ጣራውን ነካው። ትራሱን አንስቶ ወደ ጎን አደረገው። መሪውን ግራና ቀኝ እየወዘወዘ ቁልፉን ሞከረ። ዘይት ነፋበት። በመፍቻ እጀታ መታ መታ አደረገው። ንቅንቅ የለም። ቁልፉን አውጥቶ ወደ ብርሃን ያዘው። ጥርሱ ያብለጨልጫል።

«ይሄማ ያልተነካ ነው።»

«ትርፉ ነው። ተጠቅመንበት አናውቅም።»

«ታዲያስ! አሮጌ መኪና ላይ ቁልፉና ቤቱ እንደ ባልና ሚስት አብረው ነው የሚያረጁት። ይሄኛው ገና ሙሽራ ነው፤ የቤቱን አመል አያውቅም። የፊተኛውን አምጣልኝ፤ እሱን አይቼ እቀርጽልሃለሁ።»

ሰውየው አልሳቀም። «የፊተኛው የለም።»

«ጠፋ?»

«አልጠፋም። ሰው ጋ ነው።»

«ታዲያ ደውላ!»

«ስልክ የሌለው ሰው ነው።»

ቁልፍ ሠሪው ጎንበስ ብሎ የቁልፉን ቀዳዳ አየ። ዙሪያው በጭረት ተሞልቷል፤ ቀዳዳውን የሳተ እጅ ደጋግሞ የወጋው ይመስላል። በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ጭረት ያየው ተሰርቀው በተገኙ መኪኖች ላይ ብቻ ነው።

«ይሄን ማን ጫረው?»

«ቀዳዳውን ማግኘት የሚያስቸግረው ሰው» አለ ሰውየው፤ ፊቱን አዞረ።

«እስቲ ሊብሬውን ልየው።»

ሊብሬው ላይ የሌላ ሰው ስም ነበር።

«የአጎቴ ነው። ገና በስሜ አላዞርኩትም።»

ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፣ አለ ቁልፍ ሠሪው በሆዱ። ትራሱን ደግሞ አየው። የዚህች መኪና ሾፌር አጭር ሰው መሆን አለበት።

ግቢውን ቃኘ። የፕላስቲክ ወንበሮች ግድግዳው ሥር እስከ መስኮቱ ተቆልለዋል። በተከፈተው በር የሚታየው ሳሎን ባዶ ነው፤ ሶፋው ከቦታው ተነሥቷል፤ ፍራሾች በገመድ ታስረዋል። ጓዙን ጠቅልሎ ሊጠፋ የተሰናዳ ሰው ቤት መሰለው። በአጥሩ በኩል አንዲት ጎረቤት ብቅ አለች። ሰውየውን ስታይ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች።

«እንግዲያው ይስበሩት ጋሼ» አለ ሰውየው። «በሽቦም ቢሆን አገናኝተው ያስነሡልኝ።»

«ባለቤቱ ሳይፈቅድ መኪና አልሰብርም።»

«ባለቤቷ እኔ ነኝ።»

«ባለቤት ቁልፉ የት እንዳለ ይናገራል።»

ሰውየው የመኪናዋን በር ተደግፎ ቆመ።

«አየህ? እኔ የልጆች አባት ነኝ፤ በሰው ንብረት እስር ቤት አልገባም።» ቁልፍ ሠሪው መሣሪያውን ሰብስቦ ሣጥኑን ዘጋ። ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

በዚህ ጊዜ የሰውየው ሚስት ከቤት ወጣች። ድምፅዋ ሰልሏል።

«ማን ጋ ነው የሚደውሉት?»

«ፖሊስ ጋ። አንቺ ትሻይ ይሆናል፤ እስቲ እውነቱን ንገሪኝ እህቴ። የፊተኛው ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«ተይው» አላት ባልዋ።

አልተወችውም።

«ጣቶቿን ለማላቀቅ አንጀታችን አልጨከነም ጋሼ፤ ልጃችንን ቁልፉን እንደጨበጠች ቀበርናት።»