ውሃ ያልጠጣ ልስን

ፀጉር ሠሪዋና ግንበኛው የሚኖሩት ጀርባ ለጀርባ ነው። ሁለቱ ቤቶች ድሮ አንድ ነበሩ። አከራዩ ለሁለት ሲከፍላቸው የመሃሉን በር በእሷ በኩል በብሎኬት ደፈነው። በግንበኛው በኩል ግን ቦታው ሰው የሚያስቆም ያህል ጎድጉዶ ቀረ፤ ሚስቱ መጥረጊያና ባልዲ ታስቀምጥበታለች። ግድግዳው ስስ ነው። ወዲያ ማዶ ሰው ሲያስነጥስ ወዲህ ማዶ «ይማርህ» ይባላል።

ግንበኛው በልስን ሥራው የተመሰገነ፣ በወሬው ግን ሰፈሩን ያሰለቸ ሰው ነበር። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለደረቀ ሳይሆን ውሃ ስለጠጣ ነው ይላል። አዲስ ልስን ጠዋትና ማታ ካልጠጣ እንደ ተረከዝ ይሰነጣጠቃል። እውነቱን ነው። ልስን ሲያጠጣ ላየው ልጅ የሚያጠባ ይመስላል።

ሚስቱን ሰፈሩ «ሳቂታ» ይላታል። ባሏ ለሥራ ራቅ ሲል የፀጉር ሠሪዋ በር ላይ ብቅ ትልና፦

«እናት ዓለም፣ ባልሽን አውሺኝማ። ቧንቧዬ ዛሬም ያለቅሳል።»

«ውሰጂው። የኔ ቧንቧ እንደሆነ ዓመቱን ሙሉ ሲያለቅስ አባባይ አላገኘም።»

የፀጉር ሠሪዋ ባል በያጅ ነው። ፒንሳውን ይዞ ሳቂታን ይከተላታል።

ሰሞኑን ግን ግንበኛው ለሥራ ርቆ ሳለ እሱም የለም። የመጨረሻዋን ጠዋት የቦቲው ማሰሪያ ተበጠሰና ከፀጉር ቤት ባመጣችው ሐምራዊ ሪባን አሰረችለት። «ሙሽራ አስመሰልሽኝ» ብሎ ሳቀ። ማታ ስትመለስ ሻንጣው የለም። ሩቅ ቦታ ድንገተኛ የብረት ሥራ ማግኘቱን፣ ኔትወርኩም ለመደወል እንደማይሆን በቻት ነገራት። ድሮ መጻፍ ሞቱ ነበር። አሁን አንድ ስትጽፍለት አምስት ይመልሳል። ሥራ ውላ ስትገባ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ እግሯን ዘርግታ ታወራዋለች። በትዳራቸው እንዲህ ተጫውተው አያውቁም።

ግንበኛው ከሥራ የተመለሰ ዕለት ሳቂታ ቤት አልነበረችም።

«እህቷ ጋ ሄዳ ይሆናል» አለ በር ላይ፣ ዓይኑን እያሻሸ።

«ደወልክላት?»

«አታነሳም።»

«ይሄ ሽታስ ምንድን ነው? እኔ ቤት እንኳ ገብቷል። ሽቶ ብረጭበት ባሰበት።»

«አይጥ ትሆናለች፣ ግድግዳ ውስጥ የሞተች። ገና መግባቴ ነው፤ ሰብሬ አያታለሁ።»

ፀጉር ሠሪዋ ገብታ ለባሏ ጻፈችለት። መልሱ ወዲያው መጣ።

«እናት ዓለም፣ ያ ሰውዬ እኮ ይመታት ነበር። ለኔ ነግራኛለች። ሲሚንቶ ሲያስገባም አይቻለሁ። አስከሬኗን ሳያሸሽ ለሰፈሩ ግሩፕ ጻፊ። ዝም ካልሽ ደሟ በእጅሽ ነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት የመዶሻ ድምፅ ጀመረ። በእያንዳንዱ ምት የፀጉር ሠሪዋ መስታወት ግድግዳው ላይ ይንቀጠቀጣል። ስልኳን አንስታ ለግሩፑ ጻፈች፦ «ሳቂታን ገድሎ ግድግዳ ውስጥ ቀብሯታል። አሁን ሊያወጣት እየሰበረ ነው።»

ሳምንቱን ሙሉ በተደፈነ ቱቦ ሲነታረክ የሰነበተው ግሩፕ በአንዴ አንድ አፍ ሆነ። «መጣሁ» አለ ሥጋ ሻጩ። «ማንም እንዳይቀር» አለ ቀለም ቀቢው። ጡረተኛው እንኳ ከዘራውን ይዞ ወጣ። ፀጉር ሠሪዋ ለባሏ «ሄድን» ብላ ላከችና ስልኩን ኪሷ ከተተች።

ግንበኛው አቧራ ለብሶ፣ መዶሻና መሮ ይዞ በሩን ከፈተ።

«እንኳን መጣችሁ! ይሄን ጉድ እዩልኝ...»

አልጨረሰም። ሥጋ ሻጩ በፌሮ ብረት አፉን አለው። ጥርሱ ደፉ ላይ ተበተነ። ቀለም ቀቢው ፀጉሩን ይዞ ወደ ውስጥ ጎተተው፤ ከዚያ በኋላ ማን በምን እንደመታው የለየ የለም። ወንበር ተሰበረ። የጎን አጥንትም ተሰበረ፤ ድምፁ ግን ከወንበሩ ይልቅ ቀጭን ነበር።

«እኔ አልለሰንኩትም!» ይላል ግንበኛው ደም እየተፋ። «ሥራ ላይ ነበርኩ! ልስኑን እዩት፣ እዩት!»

ጡረተኛው መነጽሩን አስተካክሎ ግድግዳውን አየ። ያ ጎድጓዳ ቦታ የለም፤ ተደፍኗል። ልስኑ ጎባጣ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቋል።

«ቆይ እስቲ፣ ይሄ የሱ እጅ ነው? ውሃም አልጠጣ...»

«ሰው የገደለ እጅ ልስን ያምርለታል እንዴ ጋሼ?» አለ ሥጋ ሻጩ፣ እያለከለከ።

ግንበኛው በሆዱ ተሳበና የፀጉር ሠሪዋን ቀሚስ ያዘ።

«እህቴ... አንቺ እንኳ ታውቂኛለሽ።»

«እሷም ታውቅህ ነበር!» ብላ ጣቶቹን በተረከዟ ረገጠቻቸው። አንዴ። ደግሞ። የልስን ሞገድ የሚያስተኙት ጣቶች እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ቀጭ አሉ።

ቀለም ቀቢው መዶሻውን አንስቶ ግድግዳውን ይወቅር ጀመር። የማይረባ ልስን ስለነበር እንደ ቅርፊት እየተላጠ ወረደ። ሽታው ሲወጣ ሰዉ አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ አለ። ወለሉ ላይ የነበረው ማቃሰት ቆሟል፤ ያስተዋለው ግን የለም።

«አይዞሽ ሳቂታዬ፣ መጣንልሽ» አለች ፀጉር ሠሪዋ እያለቀሰች፤ የመጨረሻዋን ብሎኬት በእጇ ሳበቻት።

መጀመሪያ የወጣው እግር ነበር። የሥራ ቦቲ አድርጓል። ማሰሪያው ሐምራዊ ሪባን ነው።

ኪሷ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ከባሏ ነው፦ «እናት ዓለም፣ ሰውዬው ሞተ?»