ጥርስ ቆራጯ ተማሪ

ጡረታ የወጣ ወንድ ወይ ይጠጣል፣ ወይ ሚስቱን ይነዘንዛል። የመቱው ጋሼ ቀጀላ ሚስታቸው ስለሞተች፣ መጠጥም ስለማይስማማቸው ብረት ገዙ።

ብረቱ የጊር ጥርስ መቁረጫ ማሽን ነው። ከተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ዝጎ ወድቆ አገኙት፤ አጥበው፣ ዘይት አጠጥተው ጓሯቸው ባለችው የቆርቆሮ ቤት ተከሉት። ከሁሩሙም ከጎሬም የቡና መፈልፈያው ጊር የተበላበት ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ንግድ አይደለም፤ ደስ ስለሚላቸው ብቻ ይሠሩለታል። አንድ ልጃቸው ኩምሳ «ከእኔ ብረቱን መረጥክ» ብሎ አኩርፎ ጅማ ከገባ ወዲህ ደውሎላቸው አያውቅም። የቀራቸው ይሄው ማሽን ነው።

የቡና ነጋዴው ነዚፍ ማሽኑን ሽጡልኝ እያለ ቢመላለስባቸው በር ዘጉበት። ገለኔ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

ወጣት ናት፤ አለባበሷ የገጠር ነው፤ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች።

«ሥራውን መማር እፈልጋለሁ» አለች መሬት መሬት እያየች።

«ማን ነገረሽ?»

«ሰው።»

ይህች መልስ ለታላቅ እህታቸው ለእትዬ ዲሪቤ በቂ ነበረች። «ሰው ማለት ነዚፍ ነው» አሉ ልጅቷ እንደወጣች። «ማሎ ቀጀላ፣ ንቃ እንጂ። ሥራህን አጥንታ፣ ማሽንህን አስለምዳ ልትወስድልህ ነው። አንተ ደግሞ ተማሪ አገኘሁ ብለህ ጥርስህን አትከድንም።»

ጋሼ ቀጀላ ማስተማሩን ጀመሩ። ሰላይም ብትሆን ዓይናቸው ሥር ብትሆን ይሻላል ብለው ነው። ሲመሽ ግን፣ ማሽኑ ያለ እነሱ ስለማይሠራ፣ ተቀያያሪዎቹን ጊሮች በከረጢት ይዘው እየገቡ አልጋቸው ሥር ያኖሩ ጀመር።

ማሽኑ ትዕግሥት ይጠይቃል። ድፍኑ ብረት ይዞራል፤ ጠምዛዛው መቁረጫም ይዞራል፤ የሁለቱ አዟዟር በልክ ካልተገጠመ ጥርሱ እርስ በርሱ ይበላላል። ልጅቷ ቶሎ ገባት። ለጋሼ ቀጀላ ያልገባቸው ንግግሯ ነው።

«ቀስ በዪ» ይሏታል።

«እሺ፣ በዝግታ» ትላለች።

«መቁረጫውን ወዴት ታዘነብያለሽ?»

«በምንበላበት እጅ በኩል።»

«ቀኝ አይባልም?»

መቁረጫውን ወደዚያው ታዘነብላለች። የማጥፊያዋን ቁልፍ አሳዪኝ ሲሏት ደግሞ «ያቺ የበርበሬ መልክ ያላት» አለች።

«ይሄ የተማሩት አነጋገር ነው» አሉ እትዬ ዲሪቤ። «የገጠር ሰው ልምሰል ብላ አብዝታዋለች። ምሳዋንስ አይተሃል? ካንተ ጋር አትበላም። ቂጣዋን ይዛ ከግድግዳው ጀርባ ነው የምትሄደው። እዚያ ሆና ለነዚፍ ትደውላለች። ደግሞ ለእኔ ስታወራ ስምህን ትታ ‹እሳቸው› ብቻ ነው የምትልህ። ተከሳሽ ነህ እንዴ?»

«ደውላ ሰምተሻታል?»

«ብልጥ ናት፤ እንዴት እሰማታለሁ?»

አንድ ቅዳሜ ገለኔ ማንም ሳይነካላት የመጀመሪያ ጊሯን ቆርጣ ጨረሰች። ጋሼ ቀጀላ በጣታቸው ዳበሱት። ከሁሩሙ የመጣው መፈልፈያ ላይ ገጠሙት፤ ሳያንገጫግጭ ዞረ። ሊያመሰግኗት ዘወር ቢሉ ልጅቷ ስልኳን አውጥታለች። ጊሩንም፣ ማሽኑንም፣ እሳቸውንም ፎቶ አንስታ እየላከች ነው።

እትዬ ዲሪቤ በሩን በወገባቸው ሞሉት።

«ለማን ነው የላክሽው?» አሉ ጋሼ ቀጀላ።

«ለባለቤቴ።»

«ባለቤትሽ ነዚፍ ጋ ነው የሚሠራው?»

«ነዚፍ የሚባል ሰው አላውቅም።»

«ስም የለውም ባለቤትሽ?» አሉ እትዬ ዲሪቤ።

ልጅቷ ስልኳን ወደ ጉያዋ ከተተች።

ጋሼ ቀጀላ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ማሽኑን ተደገፉ። «ስሚኝ ልጄ። ይሄን ከወሰዱብኝ እዚህ ግቢ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አይኖርም። እኔ ራሴም ጭምር። ልትነጥቂኝ ካልመጣሽ ማዪልኝ። ‹ቀጀላ ይሙት› በዪ።»

ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«አየህ?» አሉ እትዬ ዲሪቤ። «በሐሰት መማል ፈራች። ፈሪሃ እግዚአብሔርስ አላት፤ ይሄም አንድ ነገር ነው።»

«ሁለት ቃል ናት» አሉ ጋሼ ቀጀላ። «‹ቀጀላ ይሙት።› ካልሆነልሽ ውጪልኝ፤ ሁለተኛም እንዳትመጪ።»

ገለኔ ከወገቧ ጎንበስ አለች።

«የአማቴን ስም አልጠራም፤ የስማቸውን መነሻ ፊደል እንኳ» አለች።