ከአምሐ ፍላሽ የተነሣው

አያ ዳኛው ድብ ባሕር ላይ የተገደለውን የወንድማቸውን የሰውአገኝን ላፕቶፕ በጋቢ ጠቅልለው ጎንደር ድረስ ወደ ኮምፒውተር ጥገና ሱቅ መጡ። ከቀብሩ ወዲህ ጸጉራቸውን አልተላጩም። ደሙን ሳይመልሱ እንደማይላጩ ጠጋኙ አምሐ ገባው።

«የገዳዩ ነገር እዚህ ውስጥ አይጠፋም» አሉት።

ላፕቶፑ በመጥረቢያ ተመትቷል። በቁልፎቹ መካከል ደም ደርቋል። አምሐ ፈታው፤ ሃርድ ዲስኩ ለሁለት ተሰንጥቋል። አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ይኼ አብቅቶለታል፣ አያ። ስክሪኑ መሥራቱን ብቻ በራሴ ፍላሽ አስነሥቼ ልየው። አሁን የሚታየው ከኔ ፍላሽ የሚወጣ ነው፤ የወንድምዎን ነገር እንዳይጠብቁ።»

ጠዋት ራሱ አጽድቶ ያዘጋጀውን ፍላሽ ሰክቶ አበራው። ኮምፒውተሩ ተነሣ።

ስክሪኑ ላይ አንድ የጭቃ ቤት ታየ። ሰውአገኝ ተንበርክኮ እጁን ዘርግቶ ይለምናል። መጥረቢያው ወረደና ጣቶቹ መሬት ላይ ተበተኑ። ደግሞ ወረደ፤ ግንባሩ ተከፈለ። ገዳዩ ግን አላቆመም።

የገዳዩ ፊት አይታይም፤ ጀርባውን ሰጥቷል። የሹራቡ ክርን ተቀዶ በቀይ ክር ተሰፍቷል።

አምሐ የለበሰውን ሹራብ ክርን በመዳፉ ሸፈነ። ሚስቱ ናዝራዊት ሌላ ክር ብታጣ በቀይ የሰፋችለት ዛሬ ጠዋት ነው። ድብ ባሕርን ደግሞ ረግጧት አያውቅም።

ከኋላው ወንበር ተንቋቋ። አያ ዳኛው ተነሥተው በሩን ቀረቀሩት።

«ከኔ ፍላሽ የሚወጣ ነው አላልከኝም?» አሉ ቀስ ብለው። «ምነው ክርንህን ያዝከው? እስቲ ልቀቀው።»

ለቀቀው። መዳፉ በትኩስ ደም ርሷል።