የፎቶው ቀን

የእማማ ዘርትሁን ጣሪያ ያፈሳል፤ ክረምት ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ባለፈው የመጣው የብድር ማኅበሩ ሠራተኛ የጭቃ ግድግዳቸውን በእጁ ዳብሶ «እንዴት ያለ ቤት ነው!» ሲል፣ በይሉኝታ ያለው መሰላቸው። «የጣሪያው ብድር ይፈቀድልዎታል፣ ለፎቶ እመለሳለሁ» ብሏቸው ሄደ።

ዛሬ ሲመለስ ደጅ ቆመው ጠበቁት።

«ና የኔ ጌታ! እንዳላሳፍርህ ብዬ ጊደሬን ሸጥኳት። እስቲ እየው፣ የከተማ ቤት አይመስልም?»

ግድግዳው ዙሪያውን በሲሚንቶ ተለስኗል። ወጣቱ ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተው።

«እማማ፣ ብድሩ እኮ ለአየር ንብረት ጥበቃ ተብሎ፣ ሲመረት አየር የሚበክለው ሲሚንቶ ላልነካው ቤት ብቻ የሚሰጥ ነው። ያኔውኑ ልነግርዎ ይገባ ነበር።»

«ውስጡ እኮ አሁንም ጭቃ ነው» አሉ እማማ፤ ልስኑንም በጥፍራቸው ይፍቁት ጀመር።