ኤዱቪና አትፈርምም

ኤዱቪና ሰባ ዘጠኝ ዓመት በሞላት ቀን የወንድሟ ልጅ ራሚሮ ከሚስቱ ከያዲራ ጋር ኬክ ይዞ መጣና «ዛሬ ከተማ ላስጎብኝሽ» አላት።

«የምን ከተማ?»

«ካርታሄናን ነዋ! ሰዉ ባሕር ተሻግሮ እየመጣ ያያታል፣ አንቺ እዚሁ ከተማው ግንብ ውስጥ ተወልደሽ ከመስኮትሽ አትርቂም።»

እውነቱን ነው። ቤቱን አብራት ትጠብቅ የነበረችው እህቷ ከሞተች ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ ደጃፏን አልፋ አታውቅም። ዓሣውም ፍራፍሬውም በመስኮት ነው የሚገባላት። ባሕሩ ሦስት መንገድ ተሻግሮ ነው፤ ድምፁን ትሰማለች እንጂ አታየውም።

ምክንያት አላት። ቤቱ ወረቀት የለውም፤ ባለቤቱ ውስጡ የተገኘው ሰው ነው። አያቷ ኖሩበት፣ አባቷ ኖረበት፣ አሁን እሷ አለችበት። በሰፈሯ በሳን ዲዬጎ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነበር። ጎረቤቶቿ ግን አንድ በአንድ ሸጠው ከግንቡ ውጭ ወጡ፣ ሰፈሩ ሆቴል በሆቴል ሆነ። ባለሆቴሎቹ እሷንም «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብለሽ ፈርሚ» እያሉ አምስት ጊዜ ደጅ ጠኑ። ለስድስተኛው የላኩት ማንን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሚሮን! የገዛ ሥጋዋን። «ከሞትኩ በኋላ ጣቴን ይዘህ አስፈርመኝ» ብላ አባረረችው። ይኸው ዛሬ ደግሞ በኬክ መጣ።

«ቤቱንስ ለማን ጥዬ?» አለች።

«እኔ አለሁልሽ አክስቴ» አለች ያዲራ ሽርጥ እያሰረች። «ዓሣና የኮኮናት ሩዝ ሠርቼ እጠብቅሻለሁ። ሂጂ፣ ትንሽ አየር ቀምሰሽ ነይ።»

ቤቱ ባዶ ካልዋለ ምን አለበት? ባሕሩም ናፍቋታል። ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

መንገዱ ጫፍ ሳይደርሱ በራሚሮ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ሁለት እስክሪብቶ አየች። ብብቱ ሥርም ፋይል ይዟል።

«ለሽርሽር ፋይል ምን ያደርጋል?»

«የከተማው ካርታ ነው።»

«ለእኔ? ካርታ? ወይ ጉድ!»

ያን ጊዜ ገባት። ውልና ማስረጃ ሊወስዳት ነው። ልመለስ ብትል ክንዷን ጥርቅም አድርጎ ይዟታል፤ ከፊት ጎብኚ፣ ከኋላ ጎብኚ፣ ግራና ቀኙ ግድግዳ። በልቧ «ይጎትተኝ፣ ጣቴን ግን አያገኛትም» አለች።

ራሚሮ የገለባ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ገዛላት። ሳንቶ ዶሚንጎ አደባባይ ሲደርሱ አንዲት ፍራፍሬ ሻጭ ሳፋዋን በአናቷ ተሸክማ መጣችና «ከየት አገር ነዎት እናቴ? ፎቶ እንነሳ?» አለቻት።

«ከሳን ዲዬጎ ነኝ! እናትሽ ፓፓያ በመስኮቴ ስትሸጥልኝ ነው ያረጀችው!»

ሻጯ ሳቋን ለቀቀችው፤ ያመነቻትም አትመስልም። ራሚሮ ግን ኤዱቪናን ከጎብኚዎቹ መሃል አቁሞ ፎቶ አነሳት።

አንድ ሙዚየም በር ላይ ሲደርሱ ራሚሮ «አዛውንት በነፃ ነው የሚገባው፣ መታወቂያሽን ስጪኝ» አላት። መታወቂያ ፊርማ አይደለም ብላ ሰጠችው። ዘበኛው ግን የጎብኚዎች መዝገብ ገፋ አደረገላት። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ኤዱቪና ሁለት እጇን ከኋላዋ ደበቀች። «አልፈርምም!»

«ስም ብቻ ነው እኮ እናቴ።»

«ሁሉም ሲጀምር ስም ብቻ ነው!»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ራሚሮ ራሱ ፈርሞላት መታወቂያውን ከእስክሪብቶዎቹ ጋር ኪሱ ከተተና አስገባት። በድሮ ዘመን ሰው ይገረፍበት የነበረውን እንጨትና ሰንሰለት ሲያስጎበኛት እሷ የምታየው መውጫውን ብቻ ነበር። እሱም ብዙ አላየ፤ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው።

እንደወጡ የፈራችው ደረሰ። ራሚሮ ውልና ማስረጃ የሚል ሰሌዳ ሥር ቆመና «ጥላ ነው፣ ትንሽ እንረፍ» አላት።

የመስኮቱን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ጮኸች። «ብትነካኝ እነክስሃለሁ!»

«ኧረ አክስቴ! ማን ነካሽ? ሰው እያየን ነው!»

«ይየን! ምን እንዳሰብክ አውቃለሁ። የቆጡን አወርድ ስትል የብብትህን እንዳትጥል!»

ራሚሮ ላቡን ጠርጎ መንገዱን ቀጠለ። ኤዱቪና ሳትፈርም አለፈችው። በመወጣጫው ግንቡ አናት ላይ ወጡ። ባሕሩ እንዳለ ነበር። አለቀሰች፣ አላፈረችበትም። አራት ዓመት በአንድ ፊርማ ፍራቻ ራሷን አስራ መኖሯ ያን ጊዜ ቆጫት።

«እንዲያው ሌላም ቦታ ላሳይሽ?» አላት ስልኩን እያየ።

«በቃኝ። ቤቴ ውሰደኝ።»

ስልኩ ጢዝ አለ። አነበበው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ። «እሺ አክስቴ፣ እንመለስ።»

በመንገድ ላይ ደስ አላት፤ ልትተርበው ፈለገች። «ሦስት ሰዓት ሙሉ አዞርከኝ፤ ምን አገኘህ?»

«ምንም» አላት። «አንቺን ማን ይችልሻል!»

ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ ቀዝቃዛ ነገር ልግዛ ብሎ ቆመ። «ቅደሚ፣ ደርሼብሻለሁ።» ብቻዋን እንደ ልጅ ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደች። የዓሣው ሽታ እስከ መንገዱ ይመጣል። ቁልፏን ከተተች፤ አልዞር አለ። የባሕር ጨው የማይበላው ብረት የለም ብላ አንኳኳች።

በሩ፣ ስትወጣ ያልነበረ ሰንሰለት እስከፈቀደለት ድረስ ገርበብ አለ። ያዲራ ከባርኔጣዋ እስከ ጫማዋ አየቻት።

«ማንን ፈልገው ነው እማማ?» አለቻት።