የይርገዱ ንግግር

አስረስ ባሏን ገድሎ ጫካ ከገባ ጀምሮ ይርገዱ በተዝካሩ ላይ የምትናገረውን በልቧ ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። እርግማኑን አውጥታ ጣለች፤ አንጀት የሚበላውን አስቀረች።

ቀኑ ደርሶ ድንኳኑ ሲሞላ ተነስታ ቆመች።

«የባሌን ደም ለፈጣሪ ሰጥቻለሁ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አስረስም የልጆች አባት ነው። ከጫካ ይውጣና ልጆቹን ያሳድግ። እሱን የሚነካ ሰው የኔን ደጅ አይርገጥ።»

ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ አለቀሱ። ገዳዩን ካላገኘሁ ብሎ ጫካ ለጫካ ሲያስስ የከረመው የባሏ ወንድም ውቤ፣ እየተንሰቀሰቀ ጠመንጃውን እግሯ ሥር አኖረ።

ወሬው አስረስ ጆሮ ደረሰ። እሁድ ጠዋት ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ በሽማግሌዎች ታጅቦ ግቢዋ ገባና እግሯ ላይ ወደቀ።

«ይቅር በይኝ እህቴ።»

«ቀና በል» አለችው።

ቀና ሲል ከነጠላዋ ሥር የባሏን ሽጉጥ አውጥታ ግንባሩን አለችው። ደሙ ቀሚሷ ላይ ተረጨ። ሽማግሌዎቹ ወደ አጥሩ ተበተኑ፤ ውቤ ብቻ ባለበት ደርቆ ቀረ።

«ለኔ እንኳ ብትነግሪኝ ምን ነበር?» አላት።

«አንተ ፈልገህ አጣኸው» አለች ሽጉጡን እያቀበለችው። «እኔ ጠርቼ አመጣሁት።»