የትራንዚስተሩ እግር

ከል የለበሰች አሮጊት ራዲዮ ጠጋኙ ሱቅ ገብታ የባሏን የመስሚያ መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በደረት ኪስ የሚያዝ፣ ሽቦው ጆሮ ድረስ የሚዘልቅ የድሮ ዕቃ ነው።

«ድምፁ ጠፋ» አለች። «አዲስ ይገዛልህ ብለው፣ ወይ ፍንክች!»

ጠጋኙ ከፈተው። ውስጡ ካሉት ሦስት ትራንዚስተሮች አንዱ ሞቷል።

«እማማ፣ እነዚህ ጀርማኒየም ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ትራንዚስተሮች እንዲህ ነበሩ፤ ሙቀት አይችሉም። ምድጃ አጠገብ አስቀምጠውት ይሆናል።»

ጀርማኒየም ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ከአሮጌ ራዲዮ ነቅሎ በየደላት።

በሳምንቱ ተመለሰች። አሁንም የሞተው እዚያው ቦታ ያለው ትራንዚስተር ነው። ጠጋኙ በዚህኛው ዙር ከሲሊከን የተሠራ አዲስ ትራንዚስተር አስገባበት። ሲሊከን ሙቀት ይችላል፤ ሥራ ለመጀመር ግን ከጀርማኒየም የበለጠ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩን የሚመጥኑትን ሬዚስተሮችንም መለወጥ ነበረበት። ቀኑን ሙሉ ፈጀበት።

«ይኼ እኔንም እርስዎንም ይቀብራል» አላት እየሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። «ከምን ያህል ርቀት ይሰማል? ጓዳ ያለ ሰው ድምፅስ?»

«በሩ ገርበብ ካለ ትንፋሽም አያመልጠው።»

ፊቷ ክስም አለ።

አሥር ቀን ሳይሞላ ይዛው መጣች። «ልጄ፣ እጅህ ከድቶሃል» አለችው፣ ደንበኞቹ እየሰሙ።

ጠጋኙ ከፈተው። የሲሊከኑ አንድ እግር በመቀስ ተቆርጧል። ሙቀት ደግሞ እንዲህ አይቆርጥም። ቀና ብሎ አያትና መሣሪያውን ወደ ጎን አስቀመጠው። እሷ ስትወጣ ግን ደሙ ፈላ። ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ሚስቱ እጅ ጆሮው ይደፈናል?

በማግስቱ ጠግኖ ራሱ ቤታቸው ወሰደው። ሴትየዋ ገበያ ሄዳለች። ሽማግሌው መስኮቱ ሥር፣ አልጋው ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ጠጋኙ መሣሪያውን ኪሱ ከተተለት፣ ጆሮው ላይ ሰካለትና አበራው።

«ይሰማዎታል?»

«ጥርት ብሎ።»

«እንግዲያው ይስሙኝ አባባ። ዕቃው በራሱ አልተበላሸም፤ ባለቤትዎ ናቸው የሚቆርጡት። እንዲሰሙባቸው የማይፈልጉት ነገር አለ።»

ሽማግሌው እጁን ትራሱ ሥር ሰዶ ትንሽ የጥፍር መቀስ አወጣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ልጃችን ከሞተ ጀምሮ እኔ እንዳልሰማት ጓዳ ትገባና አፏን አፍና ነበር የምታለቅሰው። ይኼ ሲበላሽ ግን እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣ፣ እጄን ይዛ ታለቅሳለች።»